ድሬሰሩንስ የት ጣላችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ አነበብኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። እንደደከማችሁበትም ያስታውቃል። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ስጨርሰው ተናደድኩ።

ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አለበት። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው እንግሊዞች ወስደዋቸው፣ ሕንድ አድገው፣ ሐኪም ሆነው በ1899 አገራቸውን ለማየት የበቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሉበት። ምኒልክ ሆስፒታል አለበት። በ1964 አዲስ አበባ የተከፈተው የሕክምና ፋኩልቲም አለ። ጥሩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ትዘሉና ጤና ኤክስቴንሽን ላይ ታርፋላችሁ። መሃሉስ? ባላገሩን ያን ሁሉ ዘመን ማን አከመው? በእናንተ ጽሑፍ መልሱ ጠበልና ቅጠል ነው። በቃ፣ አንድ አረፍተ ነገር።

እኔ የድሬሰር ልጅ ነኝ፤ ሐኪም ሳይሆን ቁስል ማሸግና መርፌ መውጋት ተምሮ ገጠሩን ያክም የነበረ ሰው ልጅ። ስለዚህ ለአባቴ ባደላ አትፍረዱብኝ። ግን የምጽፈው ስለ እሱ ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የማስቀምጠው ሰነዱ በአብዛኛው በዚያ ስለተጻፈ ነው እንጂ ለመዘመን ብዬ አይደለም።)

መጀመሪያ ስለ ጠበሉና ስለ ቅጠሉ። እሱንም ቢሆን እንዲህ አቃላችሁ ማለፍ አልነበረባችሁም። ወጌሻው የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ፤ ዛሬም ከተማ ውስጥ ወረፋ ይጠበቅለታል። የኮሶ ትልን በኮሶ ማስወጣት እኛ በየጊዜው የምናደርገው ነገር ነበር፤ የሚያንገፈግፍ መድኃኒት ነው፣ ግን ይሠራል። ዋግምት አለ። የልምድ አዋላጅ አለች። በጎጃምና በሌላም አካባቢ ክትባት ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ ጫር አድርገው ይከትቡ ነበር፤ አንዳንዱ በዚያው ይሞታል፣ የተረፈው ግን ዳግም አይያዘውም። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ስለ በሽታ ምንም አያውቅም ማለት አይቻልም። ጉዳቱም ነበር፤ አልክድም። እንጥል እየተቆረጠ፣ ግግ ነው እየተባለ ድዱ እየተፈለቀቀ ስንት ሕፃን ደም ፈሶት እንደቀረ ማን ቆጠረው?

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገሪቱ ውስጥ የነበሩት ሐኪሞች ከሞላ ጎደል የውጭ ዜጎች ናቸው። የሚሠሩትም በትልልቅ ከተሞች ነው። በየአውራጃው ሐኪም ልመድብ ቢባል የሚመደብ ሰው የለም። ስለዚህ ሆስፒታሎቹና ሚሲዮኖቹ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችን ወስደው ቁስል ማጠብ፣ ማሸግ፣ መርፌ መውጋት፣ የተለመዱ በሽታዎችን መለየት አስተማሯቸው። ድሬሰር የሚባለው ሰው የተፈጠረው እንዲህ ነው። ማንም ሲፈጥረው ለአገሪቱ ገጠር ብቸኛ ሐኪም ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ሆነ ግን።

አባቴ ስድስተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰም። ሆስፒታል ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ገባ፣ ቁስል አጣቢ ሆነ፣ ድሬሰርነት ተማረ፣ ከዚያ ክሊኒክ ተሰጥቶት ወደ ገጠር ተላከ። ክሊኒክ ስል ጭቃ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ ቁልፉ የሚያስቸግር አንድ ቁም ሳጥን መድኃኒት ማለቴ ነው። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራው መርፌ መቀቀል ነበር። ያኔ አንዴ ተወግቶበት የሚጣል መርፌ የለም። ስሪንጁ ብርጭቆ ነው፤ ተጠንቅቀህ ካልያዝከው ይሰበርና ለወራት ሌላ አይመጣም። መርፌው ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል፣ ተመልሶ ይቀቀላል። ከዚያ በር ይከፈታል። ወባ፣ ተስቦ፣ የዓይን ማዝ፣ ቂጥኝ፣ በእሳት የተቃጠለ ልጅ፣ ውሻ የነከሰው እረኛ፣ ጥርሱን ይዞ የሚያለቅስ ሽማግሌ። በበዓል ሰሞን ደግሞ በዱላ የተፈነካከተው ይመጣል። ፖሊስ ይዞት ይመጣና አባቴ ቁስሉን ሰፍቶ ሲያበቃ ለፍርድ ቤት የሐኪም ማስረጃ ይጽፋል። ሰዉ ዶክተር ይለዋል። እሱም አይደለሁም ብሎ መከራከሩን ትቶት ነበር። ክፍያው እንቁላል ነው፣ ማር ነው፣ አንዳንዴ በግ ነው፤ እናቴ ደግሞ ይህ ደመወዝ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ትጠይቀው ነበር።

ጻድቅ ላድርገው እንዴ? አላደርገውም። ድሬሰሮች ያጠፉት ጥፋት ብዙ ነው። ሰዉ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም ነበር፤ ኪኒን ብቻ ሰጥተህ ብትልከው መንደር ሄዶ አባረረኝ ብሎ ያማሃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሰው አይመጣም። እነሱም ይህን ያውቁታል። ስለዚህ ለማይገባውም ፔኒሲሊን ወጉ፣ አንዳንዱም ቪታሚን ወግቶ ላከ። ከሥራ የወጡት፣ ወይም ድሬሰር ሲሠራ አይተው የተማሩት ደግሞ መርፌ በኪሳቸው ይዘው ገበያ ለገበያ ዞሩ። በደንብ ባልተቀቀለ መርፌ ስንት በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደተሻገረ የሚያውቅ የለም። የሚቆጣጠራቸው፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል የሚላቸው ሰው አልነበረም። ችግሩ ያ ነበር።

ጎንደር የመጣው ይህንን ለመፍታት ነው። እናንተ ግን ስሙንም አላነሳችሁትም! የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1954 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያ ላይ፣ ከጣና ዳር ሜዳው ላይ፣ ወባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር። ያ እልቂት ነው መንግሥትን ያነቃው። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ሰጡ፤ ኮሌጁ ተከፈተ። የሚገርመው የሚያሠለጥነው ሐኪም አለመሆኑ ነው። የሚያሠለጥነው ሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን። ሦስቱ እንደ ቡድን አንድ ጤና ጣቢያ ይገባሉ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ቡድኑን ይመራል፣ በየገጠሩ የተበተኑትን ድሬሰሮች እየዞረ ይቆጣጠራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትይዛለች፣ ቤት ለቤት ትዞራለች። ሳኒተሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል፣ ሥጋ ቤት ይፈትሻል፣ በዚያም ከሥጋ ቤቱ ባለቤት ጋር ይጣላል። ተማሪዎቹ ቆላ ድባ ወርደው፣ እዚያው ወባው ያለበት ቦታ ነው ሥራ የሚለምዱት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። የጎንደር ሐሳብ ሐኪም ስላጣን ግማሽ ሐኪም እንሥራ አልነበረም። የገጠሩ ሰው የሚሞተው በምንድን ነው ብለው ጠየቁ። በወባ፣ በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በወሊድ፣ በንጹሕ ውሃ እጦት። ይህንን ለማስቆም ሆስፒታል ውስጥ የሠለጠነ ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ እዚያው የሚኖር፣ በበቅሎም በእግርም የሚሄድ፣ ማከምንም መከላከልንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዓለም ይህን ሐሳብ በ1978 በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ አልማ አታ ከተማ ላይ ተሰብስቦ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ብሎ አጨበጨበለት። ጎንደር ከዚያ በፊት ሃያ አራት ዓመት ሲሠራበት ቆይቷል።

በቂ ነበር ወይ? አልነበረም። በ1958 ደጋና ወይና ደጋው ላይ የገባው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ያዘ፣ 150 ሺህ ያህል ሰው ገደለ ተብሎ ተገምቷል። ወባን በማያውቀው ከፍታ ላይ ስለነበር ሰዉ ምንም መከላከያ አልነበረውም። ያኔ የነበሩት ጤና መኮንኖች ቁጥራቸው ኢምንት ነው። አባቴ ያንን ዘመን ሲያነሳ ድምፁ ይቀየር ነበር፤ የክሎሮኪን ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ ሰው ግን ከበር አልሄድ ብሎ ሲያድር።

ፈንጣጣ ላይ ግን አሸነፉ። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ፈንጣጣ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። የጽሑፎቹ ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የምታዩት ሄሊኮፕተሩንና ወጣቶቹን አሜሪካውያን ነው። እነሱም ሠርተዋል፤ ጃፓኖችም ኦስትሪያውያንም መጥተዋል። ግን መንደር ለመንደር የዞረው፣ አንዱን ሰው ለመከተብ ገደል የወረደው፣ ጭቅጭቁን የቻለው በብዛት ኢትዮጵያዊው ሳኒተሪያንና ክትባት ሰጪ ነው። ከላይ ያነሳሁት ያ የጎጃም የቆየ ክትባት እዚህ ጋ እንቅፋት ሆኖባቸዋል፤ እኛ የራሳችን አለን፣ የእናንተን አንፈልግም የሚል ብዙ ነበር። መጨረሻ ላይ ኦጋዴን ውስጥ ዲሞ የምትባል ቦታ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ታመመች፤ ነሐሴ 1976 በፈረንጅ። ከእሷ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ በፈንጣጣ የተያዘ የለም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ተደረገ? ተዘጋ። በ1978 የጎንደሩ ኮሌጅ በምሥራቅ ጀርመን ድጋፍ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንን ትምህርትም በዚያ ሰሞን ቀረ። አልማ አታ በተሰበሰቡበት ዓመት እኮ ነው! ብዙዎቹ ጤና መኮንኖች ተመልሰው ተማሩ፣ ሐኪም ሆኑ፣ ከተማ ገቡ። በግል አልፈርድባቸውም፤ ማን ማደግ ይጠላል? ሐኪም መጨመሩም ክፉ ነገር አይደለም። ግን የሚተካቸው ሳይዘጋጅ ገጠሩ ያለ እነሱ ቀረ። ደርግ በምትኩ ገበሬ ማኅበር እየመረጠ የጤና ወኪል የሚላቸውን ለጥቂት ወራት አሠልጥኖ በየቀበሌው አስቀመጠ፣ የልምድ አዋላጆችንም አሠለጠነ። ደመወዝ የላቸውም። ገበሬ ማኅበሩ ይደጉማቸዋል ተባለ፤ ገበሬ ማኅበሩ ደግሞ በጦርነትና በድርቅ ዘመን ለራሱም የለው። አብዛኛው ተበተነ።

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጤና መኮንን ያስፈልጋል ተባለና ትምህርቱ እንደገና ተከፈተ። በ2003 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን መጣ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሴት ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከመንግሥት ደመወዝ እየተከፈላቸው ጤና ኬላ ላይ ተመደቡ። ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። እዚህ ጋ ከእናንተ ጋር እስማማለሁ፤ ትልቅ ሥራ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ልጆች በ1990 ከሺህ ከ200 በላይ ነበሩ፤ በ2012 ወደ 68 ወርደዋል። ይህ ሁሉ የእነሱ ብቻ ነው አልልም፤ መንገዱም፣ ክትባቱም፣ የወባ አጎበሩም አለበት። ግን ክትባቱንና አጎበሩን በር ላይ ያደረሰው ማነው? እናንተ ይህን ከሰማይ የወረደ አዲስ ግኝት አድርጋችሁ ጻፋችሁት። ሽንት ቤት አስቆፍሩ፣ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሂዱ፣ ሰዉን ከመታመሙ በፊት ያዙት፤ ይህ እኮ የጎንደሯ ነርስና የጎንደሩ ሳኒተሪያን ሥራ ነው፣ ቃል በቃል።

እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አገር ለገጠሩ ሰው የሚሆን ባለሙያ በተሠራ ቁጥር እንደ ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው የሚታየው። ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ብቻ። ከዚያ ሰውየውን ከፍ አድርገን ከቦታው እናነሳዋለን፣ ወይም ትምህርት ቤቱን እንዘጋዋለን፣ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ በሌላ ስም እንደገና እንፈጥረዋለን። ሐኪሙስ በዛ፤ ገጠር ገባ ወይ? ለብዙ ዘመን አዲስ ተመራቂ ሐኪም ዕጣ እያወጣ ነበር የሚመደበው። ዕጣው ሩቅ ወረዳ ላይ የጣለው ልጅ የአገልግሎት ዘመኑን እየቆጠረ ይኖርና ወረቀቱን ሲይዝ ወደ ስፔሻሊቲ ይሄዳል። ልጁን አልወቅስም። መብራት የሚጠፋበት፣ ራጅ የሌለው፣ የሚያማክረው ታላቅ ሐኪም የሌለበት ሆስፒታል ላይ ብቻውን አስቀምጠኸው ለምን ሄደ ትለዋለህ?

ሌላ መንገድም አለ። የገጠሩን ባለሙያ እዚያው ባለበት ማሳደግ ነው። ከ2009 ወዲህ ጤና መኮንኖች በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየተማሩ በየወረዳው ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ፣ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ። አባቴ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ወደ ከተማ ሲሸኝ፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስለሚያውቅ ተሸካሚዎቹን ቀና ብሎ አያያቸውም ነበር። ዛሬ አንዳንዶቹ ወረዳዎች ላይ ያች ሴት በዚያው ቀን ትታከማለች። ገና ሲጀመር ጤና መኮንን እንዴት ቢላ ይይዛል ብለው የጮኹ ሐኪሞች እንደነበሩ አስታውሳለሁ። እኔ ግን ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አስባለሁ። ከገጠር መጥተው፣ ለቀናት አምጠው ፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ የምጥ ጉዳት፣ የያዛቸው ወጣት ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አከሟቸው፤ እሳቸውም እዚያው ቀርተው መጀመሪያ አልጋ እያነጠፉ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዙ፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ፌስቱላ ጠጋኝ ሆኑ። መደበኛ ትምህርት ሳይማሩ። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥቷቸዋል፤ የውጭ ሐኪሞችንም አሠልጥነዋል። ሰው ሁሉ እንደሳቸው ይሆናል አልልም። ግን ማን ምን መሥራት ይችላል የሚለውን በወረቀት ብቻ አትመዝኑት።

የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቹም ነገር ያሳስበኛል። ደረጃቸውን ማሻሻል ተጀምሯል፣ መልካም ነው። ግን ከእነሱ ጋር ስትጫወት የምትሰማው አንድ ነገር ነው፤ ተምሬ ከዚህ ልውጣ። ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ ዝውውር ጭንቅ ነው፣ ባለ ትዳሯ ባሏ ሌላ ወረዳ ነው። ጤናው የቀረላት ይመስል በየሰበቡ የቀበሌው ስብሰባ ሁሉ ላይ ትጠራለች። ዛሬ ካልተያዙ ከጊዜ በኋላ ሌላ ስም ያለው አዲስ ፕሮግራም ስታስመርቁ እናያለን፤ ጋዜጣችሁም እንደ አዲስ ግኝት ይጽፈዋል!

አሁን የምጠይቃችሁ ነገር አለ። የቀሩት ድሬሰሮችና የመጀመሪያዎቹ የጎንደር ጤና መኮንኖች በጣም አርጅተዋል። ጽሑፋችሁን ከፋኩልቲና ከሚኒስቴር ሰዎች ብቻ ነው የሰበሰባችሁት። ጋዜጠኛ ላኩ። ደብረ ማርቆስ፣ ነቀምቴ፣ ሶዶ፣ አሰላ፣ ሂዱና ጠይቁ፤ ልጆቻቸውን ጠይቁ። መዝገቡንም ፈልጉ። አንድ የማውቀው ክሊኒክ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያድግ የድሮው የሕሙማን መዝገብ በሙሉ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ሲመታው ነበር፤ ለማን እንደምጮህ አላወቅኩም። የበሽታው ስም፣ የታማሚው ዕድሜ፣ የመጣበት መንደር፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ሁሉም ተጽፎበታል። የገጠሩ ሕክምና ታሪክ ማለት ያ ነው እንጂ የሆስፒታል ምረቃ ፎቶ አይደለም። የአባቴ ሁለት መዝገብ እኔ ጋ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ካላችሁ ቢሮአችሁ ድረስ ይዤው እመጣለሁ፣ ግን ትቼው አልሄድም።

አንድ እርማትም አለኝ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1977 ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። እሱ የሶማሊያው ነው፤ መርካ ከተማ ላይ በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው ሰው የተገኘው በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ነው። የእኛ ከላይ እንዳልኩት ነሐሴ 1976 ነው። በሚቀጥለው እትም አርሙልን።

የድሬሰሩ ልጅ